«ወዴት?» «ላይ»

በከተማችን አንድ ሰው ጠዋት ሲነሳ አጥሩ ላይ ራሱ ያላደረገውን ምልክት ካየ፣ ምልክቱ ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ መቼ ነው የምንነሳው ብሎ ነው የሚጠይቀው። አጥር ያላችሁ ታውቁታላችሁ። የሌላችሁ ተከራዮች ናችሁና ጭንቀታችሁ ሌላ ነው።

ሰናይት ይህን አላሰበችበትም። ቀበና አንድ አዳራሽ ውስጥ በተሠራው የእንጨት ግድግዳ ላይ አለት መውጣት ከሚለማመዱት ሁሉ የሚስተካከላት የለም፤ ናይሮቢ ለሚደረገው ውድድርም ልትመረጥ ነው። አሠልጣኙ ግን ደንብ አውጥቷል፤ ከምርጫው በፊት የተፈጥሮ አለት የነካ ከቡድኑ ይወጣል። ምክንያት አለው፤ አዳራሹ ውስጥ ብትወድቅ ፍራሽ አለ፣ እንጦጦ ላይ ያለው ድንጋይ ነው። እሷ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ተደብቃ ትሄዳለች።

«ግድግዳው ላይ የት እንደምይዝ ሌላ ሰው ወስኖ በብሎን አስሮልኛል» አለችኝ። «አለቱ ላይ የምወስነው እኔ ነኝ።»

ለጋዜጣ የምጽፍ ሰው ነኝና ንግግሩን ትቼ ድርጊቱን ለማየት አብሬያት ሄድኩ። ከእንጦጦ ማርያም በታች፣ ባሕር ዛፉ መሃል ያለ አለት ነው። ላብ እንዳያሟልጫት እጇን ነጭ ዱቄት እያስነካች ስትወጣ የያዘችው ሁሉ ነጭ ይሆናል። ግማሹን ሳትጨርስ የሰፈሩ ሰዎች ከበቡን።

«ማን ልኮሽ ነው ምልክት የምታደርጊው?» አሉ አንድ ሽማግሌ ከሥር ሆነው። «ለኢንቨስተር ነው አይደል?»

«ማንም አልላከኝም፣ አባባ። እየወጣሁ ነው።»

«ወዴት?»

«ላይ።»

«ላይ ምን አለ?»

«ምንም።»

እውነቷን ነበር፤ ለዚህም ነው ማንም ያላመናት። ላግዛት ብዬ መታወቂያዬን አወጣሁ።

«ጋዜጠኛም ይዘዋል!» አለች አንዲት ሴት። «በቃ፣ ነገ በዜና ሊነግሩን ነው!»

የሚያውቃት ሰው መጥቶ ካላስረዳ ቀበሌ ሊወስዱን ቆረጡ። ስለ ዱቄቱ ማስረዳት የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር። ራሷ ደወለችለት።

አሠልጣኙ በላዳ ደረሰ። ፊቱን ሳየው ናይሮቢ እንደቀረባት ገባኝ።

«አንተ ነህ የላክሃት?» አሉት ሽማግሌው።

አይ ቢል ቀበሌ ልትገባ ነው። አያት። አንገቷን አልደፋችም።

«እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ልምምድ ነው።»

ምልክቱን አሳጥበው ለቀቋት። ቁልቁል ስንወርድ «ከቡድኑ ወጥተሻል» አላት።

«አንተው ልከኸኝ፣ ኮች?»

ወደ እኔ ዞረ። የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ ሥራዬ መስማት ነው።

ናይሮቢ ሄደች፤ አላሸነፈችም። አሠልጣኙ በቅዳሜዎቹ አሳበበ፣ እሷ በአዳራሹ። ማስረጃ ስለሌለኝ ለማንም አልፈርድም። በተመለሰች ሳምንት ግን እንጦጦ ላይ ነበረች፤ ይኸኛውን በዓይኔ አይቻለሁ።