ዋስ ያጣችው ቤት

ዛሬ ጠዋት፣ ልጆቼ፣ ሕልም አየሁ። ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ሕልም ለብቻ ሲይዙት ያንቃል።

መጀመሪያ ግን እንዴት እንደተኛሁ ልንገራችሁ። እኔና ልጄ ትርንጎ ከድልድዩ ሥር ላስቲክ ወጥረን መኖር ከጀመርን ዐሥራ አንድ ዓመት አልፎናል። የልጅ ልጄ ብዙነሽም ስድስት ዓመቷ ነው፤ እዚያው ላስቲኩ ሥር ነው የተወለደችው። ባለፈው ወር አንድ ማኅበር መጣና፣ ከጎዳና የሚነሡ ቤተሰቦችን እየመዘገብኩ ነው አለን። የአንድ ዓመት ኪራይ ቤት ይሰጣል፣ ብዙነሽን ትምህርት ቤት ያስገባል፣ ትርንጎን ዳቦ ቤት ሥራ ያስይዛታል፣ ከሰፈሩ ዕድር ጋር ሳይቀር ያስተዋውቀናል። የቀረው አንድ ነገር ነበር፤ አጣሪ ኮሚቴ መጥቶ በእርግጥ ቤት እንደሌለን በዓይኑ ማየት። ቀኑ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ነበር። ትርንጎ ጎሕ ሲቀድ ብዙነሽን ይዛ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ፣

«አባዬ፣ አደራህን እንዳትተኛ። ሰዎቹ ሲመጡ ሰው ማግኘት አለባቸው» አለችኝ።

«እኔ ነኝ የምተኛው?» ብዬ ተቆጣኋት። እግሯ ከመውጣቱ ተኛሁ።

በሕልሜ ከላስቲኩ ብቅ ስል የየቢሮው ሠራተኛ ሁሉ ደጃችን ላይ ተሰልፏል። ክራባት ያሰረ፣ ማኅተም በጉያው የሸጎጠ፣ ሰልፉ ድልድዩን ተሻግሮ ታክሲ መያዣው ድረስ ዘልቋል። ከፊት የቆመ አንድ ወፍራም ሰውዬ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝ።

«አባባ፣ መታወቂያ ልሰጥዎት ነበር። ስመላለስ ሳምንቴ ነው።»

«ፎቶህ የታለ?»

«የእኔ?»

«የማን እንዲሆን ፈለግህ? አራት ጉርድ ፎቶ፣ ጆሮህ የሚታይ! ደግሞም ኃላፊዋ የለችም።»

«የት ሄዱ?»

«ሰኞ ማክሰኞ እየተጫወተች ነው።»

እውነትም ብዙነሽ አስፋልቱ መሐል በኖራ አስምራ በአንድ እግሯ ትዘላለች። ዞርም ሳትል «ነገ ተመለሱ!» አለች። ሰልፉ በሙሉ «እሺ እመቤቴ» ብሎ መነፋረቅ ጀመረ።

ወዲያው መሬቱ ተንቀጠቀጠ። አንዲት ባለ ሁለት መኝታ ቤት ደረጃዋን እንደ ቀሚስ ሰብሰብ አድርጋ፣ ግራ ቀኝ አይታ፣ መኪና አሳልፋ አስፋልቱን ተሻገረች። ፊቴ ስትደርስ መጋረጃዎቿን ዝቅ አደረገች።

«ሰው ፈልጌ ነው፣ አባባ» አለች በቀጭን ድምፅ።

«ሰው እንዲህ በዋዛ አይገኝም። ምን ትችያለሽ?»

«ዝናብ እመክታለሁ። ብርድም በመጠኑ።»

«ስንት ዓመት ሠርተሻል?»

«ሰባት።»

«ስንት ሰው ኖረብሽ?»

አፈረች። «ማንም። ከተሠራሁ ጀምሮ እንደተቆለፍኩ ነኝ።»

«ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ሳል እንኳ ሳትሰሚ? ዋስስ አለሽ?»

«ማድ ቤቴ ትዋሰኛለች።»

«ዘመድ አይዋስም!» ብዬ ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት። ጠረጴዛው ከየት እንደመጣ እንጃ።

ቤቲቱ አለቀሰች። እንባዋ በአሸንዳዋ ኩልል እያለ ወረደ። እኔም በሆዴ ወድጃታለሁ፤ ለትርንጎ አንዱን ክፍል፣ ለራሴ የመስኮቱን ጥግ መርጬ ጨርሻለሁ። ነገር ግን ሹመት ሹመት ነውና ፊቴን አጠቆርኩባት። ያለ ዋስ አትገባም!

ዘወር ስል ደግሞ ትርንጎ የዳቦ ቤቱን ሥራ አስኪያጅ ዱቄት ጆንያ ላይ አስቀምጣ ትፈትነዋለች።

«ለምን በእኔ መመረጥ ፈለግህ?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኘው የኖርኩት ነው፣ እሜቴ።»

«ሰው ላይ ሳትጮህ እስከ ስንት ሰዓት መቆየት ትችላለህ?»

ሰውዬው በጣቱ ቆጠረ። «እስከ ረፋዱ።»

«ይሁን፣ ሦስት ወር በሙከራ እናይሃለን። ሳይሆን ቢቀር እንዳትቀየመኝ።»

ከምድጃው የወጡት ዳቦዎች አጨበጨቡለት።

ያን ጊዜ የጥሩምባ ድምፅ ተሰማ። ነፊዋ አህያ ናት። ከኋላዋ የሰፈሩ ዕድር በሙሉ መጣ፤ ዳኛው ያ በሰፈራችን የሚዞረው፣ እግሩ የሚያነክስ ሽማግሌ ውሻ ነው፣ መነጽር አድርጓል።

«ለዚህች ቤት ዋሷ እኔ ነኝ» አለ።

«በምን ታውቃታለህ?»

«ሰባት ዓመት በረንዳዋ ላይ ተኝቻለሁ። አንድ ቀን ሂድልኝ አላለችኝም። እናንተንም ዐሥራ አንድ ዓመት አውቃችኋለሁ፤ አንድ ቀን ድንጋይ አላነሣችሁብኝም። ለሁለታችሁም እዋሳለሁ።»

እንባዬ መጣ፣ ልጆቼ። ዋስ አጥቼ ስንት የዘበኝነት ሥራ ያመለጠኝ ሰው ነኝ እኮ! በዕድሜዬ «ለእሱ እኔ አለሁ» ያለልኝ ብቸኛ ፍጡር ያ ውሻ ነው። በመዳፉ ፈረመ። ብዙነሽ ጨዋታዋን አቋርጣ መጣችና ማኅተሙን እፍ ብላ አሳረፈችው። ቤቲቱም እንደ ግመል ተንበረከከችልን።

ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል፣ «ኧረ ይተውት አባባ! እንደ ጫማዎ ይግቡ፤ አቧራ ናፍቆኛል» አለችኝ። ቀኝ እግሬን አነሣሁ፣ ወደ ውስጥ ልሰነዝር...

«አባዬ! ኧረ አባዬ!»

ትርንጎ ናት፤ የውሃ ወረፋ ይዟት አርፍዳለች። ጀሪካኗን ጥላ ትከሻዬን ትንጠኛለች። ፀሐይዋ አናት ልትመታ ደርሳለች። በእጇ ወረቀት ይዛለች፤ ላስቲኩ ላይ በመርፌ ቁልፍ ተሰክቶ ነው ያገኘችው።

«ምን ይላል?» አልኳት። አነበበችልኝ።

«አጣሪ ኮሚቴው በቦታው ተገኝቶ ደጋግሞ አንኳኳ። ከውስጥ የማንኮራፋት ድምፅ ቢሰማም በር የሚከፍት ሰው አልተገኘም። በመሆኑም ቤተሰቡ ቤት የሌለው ስለመሆኑ ማረጋገጥ አልተቻለም። ነገ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ለመጨረሻ ጊዜ ስለምንመለስ በራችሁን ከፍታችሁ ጠብቁን።»

«የቱን በር?» አልኳት።

ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁም። ብቻ ነጠላዋን አጥብቃ አሰረችና፣ «ተነሥ፤ አንተ የታችኛውን ሰፈር፣ እኔ የላይኛውን» አለችኝ።

ይኸው ከእናንተ ደጅ የደረስኩት ለዚሁ ነው፣ ልጆቼ። ለነገ ጠዋት ብቻ የምታውሱኝ አንድ በር ይኖራችኋል?