ለተበላ ድግስ የጥሪ ወረቀት

ሰው ምን አይሰበስብም? አንዱ ከብት፣ አንዱ ወሬ። የኔው ደሳለኝ ማስታወቂያ ይሰበስባል። ያውም የፈረንሳይ!

ልጄ እዚሁ ንፋስ መውጫ አስተማሪ ነው። ሠላሳ አምስት ሞልቶታል፤ ሚስት የለውም፣ ፖስተር ግን አለው። አዲስ አበባ ካለ አሮጌ ዕቃ ሻጭ በሚኒባስ ያስመጣል። በካርቶን ቱቦ ተጠቅልሎ ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ «እሰይ፣ ቧንቧ ልታስገቡ ነው?» ይለኛል። አዎ፣ ሥዕል የሚፈስበት።

አንዱን ዘርግቶ ሲያሳየኝ ምን ይላል ብዬ ጠየቅሁት። ፓሪስ ውስጥ የሥዕል ዐውደ ርእይ ስላለ ኑ ነው የሚለው አለኝ። መቼ ነው ብዬ ብጠይቀው «አልፏል እማየ፤ አንቺም ሳትወለጅ።» እስቲ ፍረዱኝ! ድግሱ ተበልቶ፣ ደጋሹ ሞቶ፣ የጥሪ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ መስቀል ምን ይሉታል?

እኔ ሚስት ስጠው እያልሁ ስንት ሱባኤ ይዣለሁ። እግዜር ሰማኝና አንድ የቤተ ልሔም ደብር መሪጌታ ልጃቸውን ሊሰጡን አሰቡ። ብቻ መጀመሪያ ቤቱን ልየው አሉ። እኔን ብርድ ብርድ አለኝ። ለምን? ከግድግዳው መካከል አንዲት ሴት አለቻ! ፊቷ ወደ ጎን የዞረ፣ ሁለቱም ዐይኖቿ ግን በአንድ ጉንጯ በኩል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዐይኑ ያያል፤ ኃጥእ ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዐይኑ። ይህን ሕፃንም ያውቃል። ይቺን የት ልናስገባት ነው? አውርዳት ብዬ ለመንሁት። እሷ ከወረደች እኔም ከቤት ወጣሁ አለኝ። ትዕግሥት መራራ ናት፣ ፍሬዋ ግን ጣፋጭ ነው ብዬ ቻልሁት።

መሪጌታ ገቡ። መነጽራቸውን አውጥተው ከሴቲቱ ሥዕል ፊት ቆሙ።

«ኃጥእ እንዳልላት ሁለት ዐይን አላት» አሉ። «ጻድቅ እንዳልላት ዞራለች።»

በቃ፣ ሠርጉ ቀረ አልሁ።

ድንገት ሳቁ። «ገባኝ! ሠዓሊው ንስሐ ስትገባ ነው የሣላት። ገና እየተመለሰች ነዋ! ወይዘሮ አስናቀች፣ እኔና እርስዎም እኮ ይችው ነን።» ወደ ልጄ ዞሩ። «ልጄን እሰጥሃለሁ። አንተ ይቺን ስጠኝ፣ ለተማሪዎቼ ላሳያቸው።»

ደሳለኝ ፖስተሩን አየ። መሪጌታን አየ። ምን ቢል ጥሩ ነው?

«እስቲ ላስብበት።»

ዕድሜ ልኬን ታግሼ የኖርሁ እኔ ወንበር ላይ ወጣሁ። አወረድኋት፣ ጠቀለልኋት፣ ከመሪጌታ ብብት ሥር ሸጎጥኋት።

ደሳለኝም ከቤት አልወጣ፣ ምራቴም ይኸው ቤቴ ናት። የትዕግሥት ፍሬ ጣፋጭ ነው የሚሉት እውነት ነው። ብቻ ከፍ ብሎ ስለሚያፈራ ወንበር ይፈልጋል።