አራተኛዋ ማረፊያ

ሰው ለግድግዳ ሲሰግድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በየቀኑ አያለሁ። ዘንዘልማ አዲስ ቤት ሠርተን ከገባን ጀምሮ፣ የድሮው የገበሬ መንደር አሮጊቶች በአጥራችን በኩል ሲያልፉ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ፤ አማትበው፣ አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። የኮሌጅ መምህር አይደለሁ? ለእኔ መስሎኝ በመስኮት አጸፋውን እመልስ ነበር። ሞኝነቴ!

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አያ ቢተው መጡ። እዚሁ መንደር ተወልደው እዚሁ ያረጁ ገበሬ ናቸው። ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ፤ ተቀመጡ ብንላቸው እምቢ አሉ። ቀጥ ብለው ሄደው ሶፋውና ቴሌቪዥኑ መሀል ቆሙና ወደ ኮርኒሱ ቀና አሉ። "ዋርካዋ እዚህ ነበረች" አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አስከሬን ከመንደር ተነሥቶ ቤተ ክርስቲያን እስኪደርስ ሰባት ቦታ ያርፋል፤ በየማረፊያው ፍትሐት ይደረግለታል። ዋርካዋ ሥር የነበረችው አራተኛዋ ማረፊያ የእኛ ሳሎን ሆና አረፈችው! "አባቴንም እናቴንም እዚህ አሳርፌ አለቀስሁ። እኔን በአጥር ዙሪያ ሊያዞሩኝ ነው? አደራ የኔ ልጅ፣ ስመጣ በሩን ክፈቱልኝ" አሉ፤ ልክ ለምሳ እንደተጠራ ሰው።

ባለቤቴ ሰናይት እሳቸው እስኪወጡ ጠብቃ፣ "ሬሳ በሳሎኔ? እኔ በሕይወት እያለሁ አይደረግም!" አለች። እኔም ወንድነቴን አሳይቼ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ።

ጥቅምት ላይ፣ ጠዋት፣ ጡሩንባ ተነፋ። አያ ቢተው አርፈዋል። ሰናይት ጡሩንባውን ቆማ ሰማች፤ ከዚያ ሶፋውን መጎተት ጀመረች። "አደራ ብለውን የለም እንዴ?" አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። እኔ ቴሌቪዥኑን ተሸከምኩ።

ቀባሪዎቹ ገቡ። ቦታውን የጠየቀን የለም፤ ቃሬዛውን ያኔ እሳቸው የቆሙበት ላይ አስቀመጡት። ፍትሐቱ አልቆ አስከሬኑ በጓሮ በር ሲወጣ አሮጊቶቹ ወደ ኋላ ቀሩ። ቀና ብለው አያ ቢተው ያዩትን ያያሉ። እኔም አየሁ። ኮርኒስ ነው። ግን እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሳሎኑ እንደ ዛፍ ጥላ ቀዝቅዞ ነበር። አንዷ አሮጊት ስትወጣ የበሩን ስፋት በክንዷ ለካች።

ሶፋው እስከ ዛሬ ወደ ቦታው አልተመለሰም። ቤቱን ግማሹን ለሙታን ልንተውላቸው ነው ወይ ብዬ ብነጫነጭ ሰናይት ሳቀችብኝ። "አንተ ምን ቸገረህ? ሌላው ሰው ገና ሰባቱም ይጠብቁታል። አንተ እኮ ካሁኑ አራተኛዋ ላይ ተቀምጠሃል!"

በመስኮት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አየሁና ቆጠርኩ። የቀረኝ ሦስት ነው።