የመጣ ውሃ የማይዘጋው ጎረቤቴ

ውሃ መዝጋት የሚያሳፍረው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ወሎ፣ መርሳ ከተማ ላይ፣ በዕድሜ ልጄ የሚሆን ሰይድ የሚባል ጎረቤት አለኝ። ውሃ በፈረቃ፣ ያውም በስንት ጊዜ አንዴ ስለሚመጣ፣ የመጣን ውሃ መዝጋት ለእሱ እንግዳን ከደጅ እንደመመለስ ነው።

ባለፈው ከጁምዓ ሶላት መልስ ውሃው መጣና የሰይድ ቤት ቧንቧ ፈነዳ። ጩኸት ሰምቼ ብደርስ፣ በድንጋጤ ይሁን በደስታ እንጃ፣ "ጀሪካን ያላችሁ ኑ!" ይላል። ሰፈሩም ግልብጥ ብሎ መጣ። ውሃው ግን የዓመት ማሽላቸው ወዳለበት ጓዳ እየገሰገሰ ነው።

"አንተ ሰው፣ ማሽላችን!" አለች ሚስቱ ዘይነባ።

"ቆይ፣ ይቺ ትሙላ!"

"ሰይዶ፣ መዝጊያው የት ነው?" አልኩት።

"እንጃ አባ፣ ዘግቼው አላውቅም።"

ዘይነባ ግን ታውቃለች። የውሃ ቆጣሪው ላይ የተከመሩትን ጀሪካኖች በእግሯ ገፋ ገፋ አድርጋ መዝጊያውን ጠመዘዘችው። ጓዳ ገብተን ብናይ፣ ውሃው ጎታው ስር ሊደርስ ስንዝር ሲቀረው ቆሟል። "አልሐምዱ ሊላህ!" አልን።

ሰይድ ላቡን ጠርጎ ጠጋ አለኝ።

"አባ፣ አንቱን ትሰማለች። ትንሽ ብቻ እንድትከፍተው ይንገሩልኝ፤ አንዲት ጀሪካን ቀርታኛለች።"

ልቆጣው ፈልጌ ነበር። ምን ያደርጋል፣ የኔም ጀሪካን ገና ግማሽ ነበረች።