መሃሉን ማን ያነባል?

(ሌዋርደን፣ ሆላንድ። የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ውጤት የሚነገርበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ። ሃርም መሰላል ላይ ወጥቶ የትምህርት ቤት ቦርሳውን ደጃፉ ከተሰቀለው ባንዲራ ጫፍ ላይ ያንጠለጥላል። የክፍል ጓደኛው ኒንከ መሰላሉን ይዛለች።)

ኒንከ፦ ኧረ ሃርም፣ ባንዲራና ቦርሳ የሚሰቀለው እኮ ካለፉ በኋላ ነው! ጎረቤት ምን ይላል?

ሃርም፦ «እንኳን ደስ ያለህ» ይላላ! መሰላሉን አጥብቀሽ ያዢ።

ኒንከ፦ የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል። በእንግሊዝኛ ሁለታችንም ጠርዝ ላይ ነን። ቢጥልህስ?

ሃርም፦ እኔን? ምንባብ ማለት ዘዴ ነው፣ አንቺ ልጅ። የመጀመሪያውን መስመር ታያለሽ፤ የመጨረሻውን ታያለሽ፤ ከዚያ ረጅሙን መልስ ትመርጫለሽ። አለቀ!

ኒንከ፦ መሃሉስ?

ሃርም፦ መሃሉ ወጥመድ ነው። እሱን የሚያነቡት እንዳንቺ ያሉ የዋሆች ናቸው።

ኒንከ፦ እኔማ ሁሉንም ነው ያነበብኩት። የዚያች አሮጊት ውሻ እስኪገኝ ድረስ ስጨነቅ ሰዓቱ ሊያልቅብኝ ነበር።

ሃርም፦ የምን ውሻ?

ኒንከ፦ ፈተናው ላይ ያለው ነዋ!

ሃርም፦ (ደንገጥ ብሎ) ውሻ ነበረው እንዴ?

ኒንከ፦ ስድስት ጥያቄ የመጣው ስለ ውሻው ነው።

ሃርም፦ ወጥመድ ነው አልኩሽ!

ኒንከ፦ እሺ፣ መምህርታችን ወይዘሮ ፖስትማ ጠዋት የላኩልንንስ አየኸው? «የመጨረሻ መልመጃችሁ» ብለው በእንግሊዝኛ የጻፉትን?

ሃርም፦ በአንድ ትንፋሽ! መጀመሪያው «ዛሬ ከሰዓት ስልክ እደውላለሁ» ይላል። መጨረሻው «እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ኬክ ይዤ እጠብቃችኋለሁ»። የተደወለለት አለፈ፣ ኬክም በላ ማለት ነው።

ኒንከ፦ እኔ ግን መሃሉን ሳነበው ሌላ ነገር...

ሃርም፦ መሃሉን! አሁንም መሃሉን!

ኒንከ፦ እሺ፣ አንተ ታውቃለህ። (ስልኳን እያየች) የኔ እስካሁን አልጮኸም።

ሃርም፦ አይዞሽ፣ ድጋሚ ፈተና አለ። እኔ አስጠናሻለሁ።

ኒንከ፦ እናቴ ደግሞ ስልኩ እንዳይጮህ ስትጸልይ ነው የዋለችው።

ሃርም፦ እንዳይጮህ? ምን ዓይነት እናት ናት!

(የሃርም ስልክ ይጮሃል።)

ሃርም፦ ሰማሽ? (ወደ መንገዱ እየጮኸ) ጎረቤቶች! ተደወለልኝ!

(ጎረቤቶች በየመስኮቱ ብቅ ብለው ያያሉ። አንዱ ግራ እየገባው ያጨበጭባል።)

ሃርም፦ (በስልክ) ወይዘሮ ፖስትማ፣ በጣም አመሰግናለሁ! ኬኩ የምንድን ነው?... አቤት?... መሃሉን?... (ድምፁ እየሰለለ) አይ፣ አላነበብኩትም።

(ስልኩን ዘግቶ መሰላሉ ላይ ቁጭ ይላል።)

ኒንከ፦ ምን አሉህ?

ሃርም፦ መሃሉ ላይ ምን ነበር የሚለው?

ኒንከ፦ «የምደውለው ለወደቁት ብቻ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስልኩ ያልጮኸ አልፏል» ይላል። እኔ የተሳሳትኩ መስሎኝ... (ሰዓቷን ታያለች) ዘጠኝ አልፏል። ሃርም! አለፍኩ እንዴ?

ሃርም፦ አለፍሽ።

ኒንከ፦ (ልትጮህ ብላ አፏን በእጇ ትይዛለች) ይቅርታ... ባንዲራውን እናውርደው?

ሃርም፦ ጎረቤት እያየ? ባንዲራው ይቆይ። ያንቺን ቦርሳ አምጪና ስቀዪበት፤ የኔ ግን ይውረድ።

ኒንከ፦ ሁለቱም ቢሰቀሉስ? ማን ያውቃል?

ሃርም፦ አይሆንም። የእንግሊዝኛ መጽሐፌ ውስጡ ነው። (ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ነገ ነይና ከመሃል ጀምረሽ አስጠኚኝ።