ጎርፉን እጅ የነሳው ዘፋኝ

ጥሩ ድምፅ ያለው ሰው ድሬዳዋ መወለድ የለበትም! ከተወለደም አይዝፈን፤ ካልዘፈነ የሚሞት ከሆነ ደግሞ ቢያንስ ዓይኑን ይግለጥ። ይህን ምክር በነፃ የምሰጣችሁ ከራሴ መከራ ቀንሼ ነው።

ወጣት ሳለሁ ከተማችን ውስጥ የዘፈን ውድድር ተዘጋጀ። አዘጋጆቹ ከመሀል አገር የመጡ ናቸው። የደቻቱን ደረቅ አሸዋ አዩና፣ "እንዲህ ያለ ሰፊ ሜዳ ዝም ብሎ ተቀምጧል!" ብለው ተደነቁ። መድረኩን ከዳር ከፍ አድርገው ሠሩና የዳኞቹን ወንበር ታች አሸዋው ላይ ደረደሩት። እኛስ? እኛማ ደቻቱ ወንዝ መሆኑን እናውቃለን። እኛ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ደጋው ላይ ዘንቦ፣ ጎርፉ ሳይጋበዝ ከች እንደሚል እናውቃለን። ግን ማን ይናገር? እንግዳ ማሳፈር ነውር ነው! በዚያ ላይ ሙቀቱ... አፍ መክፈት ራሱ ሥራ ነው። ሁሉም "ሌላው ይነግራቸዋል" ብሎ ዝም አለ።

ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ግጥማቸውን ከወረቀት እያዩ ዘፈኑ። እኔ በዚያን ጊዜ "ሀ" ራሱ መንገድ ላይ ቢያገኘኝ ሰላም የማልለው መሃይም ነበርኩ። ግጥሙ ያለው ጭንቅላቴ ውስጥ ነው፤ እዚያ ለመግባት ደግሞ ዓይኔን መጨፈን አለብኝ። ጨፈንኩና፣ "ቆይልኝ ሆዴ፣ ጥለሽኝ አትሂጂ" እያልኩ ለቀቅኩት።

መሀል ላይ ከሩቅ ጉምጉምታ ሰማሁ። እየቀረበ... እየጨመረ... ጭብጨባ መሰለኝ! ጩኸት ተከተለ። "አበዱልኝ!" አልኩ በሆዴ። ይባስ ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። በኋላ አንዱ ከቀረጸው ቪዲዮ እንዳየሁት፣ "አትሂጂ!" እላለሁ፤ ሕዝቡ ይሄዳል። "ቆይልኝ!" እላለሁ፤ አንዷ ዳኛ ጫማዋን በእጇ ይዛ ሽቅብ ትሮጣለች። ጨረስኩ። ዓይኔን ሳልገልጥ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ዝቅ ብዬ እጅ ነሳሁ። ቀና ብዬ ባይ... ከፊቴ ያለው ድፍርስ ውሃና በላዩ የሚንሳፈፍ የዳኛ ወንበር ነው!

ማንም አልተጎዳም፤ ከወንበሮቹና ከዳኞቹ ክብር በቀር ጎርፉ የወሰደው የለም። ሽልማቱ ግን ለሌላ ሰው ተሰጠ። እስኪ ፍረዱኝ! መድረክ ላይ እስከ መጨረሻው የቆየው ማን ነው?

ነገሩ ተረሳ። ሚስት አገባሁ፣ ትዕግስትን ወለድኩ፣ ጎልምሼ ፊደል ቆጠርኩ። ታዲያ አንዱ ሥራ ፈት ያንን ቪዲዮ ከየት እንደቆፈረው እንጃ፣ አምና ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ሚም ሆንኩላችሁ! መብራት ሲጠፋ እኔ እወጣለሁ፤ "ቆይልኝ ሆዴ"። ፍቅረኛው የከዳችው ሁሉ የእኔን እጅ መንሳት ይለጥፋል። ከሥሩ የሚጻፈውንም አነባለሁ። አንዱ፣ "ሰውዬው ጀግና ነው ወይስ ደንቆሮ?" ይላል። ሌላው፣ "ሁለቱም" ብሎ ይመልስለታል። አያችሁ፣ ፊደል የቆጠርኩት ስድቤን ያለ አስተርጓሚ ለማንበብ ኖሯል!

ትዕግስት ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። እዚያው የሚሠራ የመልካ ጀብዱ ሰፈር ልጅ ወደዳትና ሽማግሌ ሊልክ ሆነ። በዋዜማው ልጄ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

"አባዬ፣ የእነሱ ቤተሰብ ቁም ነገረኛ ነው። የዘፈኑ ሰውዬ አንተ መሆንህን አልነገርኳቸውም።"

"አፈርሽብኝ?"

"አላፈርኩም። ብቻ ነገ... አታንጎራጉር።"

"ላስልስ ይፈቀድልኛል?"

"ቀስ ብለህ።"

ዋጥኩት። ለነገሩ እኔም ያንን ቀን የምጠብቅበት የራሴ ምክንያት ነበረኝ። ድሬ አንቱታ አታውቅም፤ ትንሹም ትልቁም "ወሪያ! አንተ!" ነው የሚልህ። ሽማግሌ የተላከበት አባት ግን አንቱ ይባላል። በዕድሜዬ አንድ ቀን!

መጡ። መሪያቸው ጋሽ ኢብሳ የሚባል የድሮ ባቡር ሠራተኛ ነው። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በሩ ላይ ቆመ።

"ተቀመጡ እንጂ" አልኩ።

"ጉዳያችንን ሳይሰሙን አንቀመጥም። እርስዎ የተከበሩ ሰው ነዎት። ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ልንለምን ነው።"

እርስዎ! ነዎት! ጆሮዬ ማር ጠጣ። ወጉ እንደሚያዘው ፊቴን አጨፈገግኩ፤ በአንድ ቀን እሺ ያለ አባት ልጁን እንደጣለ ይቆጠራላ!

"እንግዲህ... ዘመድ እናማክራለን። ለዛሬው ሂዱና ሌላ ቀን..."

ከማለቴ የጋሽ ኢብሳ ኪስ ዘፈነ። "ቆይልኝ ሆዴ! ጥለሽኝ አትሂጂ!" የእኔው ድምፅ፣ የስልክ ጥሪ ሆኖ! እኔ ሂዱ እላለሁ፣ እኔው አትሂጂ እላለሁ። ከድንጋጤዬ ብዛት ዓይኔን ጨፈንኩ፣ እጄን ደረቴ ላይ ጣልኩ... ልክ እንደ ቪዲዮው!

"ወሪያ!" አለ ጋሽ ኢብሳ። "አንተ ነህ እንዴ?"

አንቱታዬ እዚያው ወለሉ ላይ ተፈጠፈጠች። ከመጋረጃው ጀርባ ትዕግስት "ወይኔ!" ስትል ሰማሁ። የእኔ ክብርስ ጎርፍ ለምዷል፤ የልጄ ትዳር ግን በስልክ ጥሪ ሲፈርስ ታየኝ።

"አዎ፣ እኔ ነኝ። ምን ይጠበስ?"

ጋሽ ኢብሳ ሳይፈቀድለት ተቀመጠና እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ፣ "አቦ ጨርሰናል! ደቻቱ መጥቶበት ንቅንቅ ያላለ ሰው ልጅ፣ በካፊያ ትዳሯን ጥላ አትሮጥም" አለ።

"ጅልነት ቢሆንስ?" አለ አንደኛው።

"ትዳር ያለ ጅልነት ይቆማል እንዴ?"

በዚያው ቀን እሺ አልኩ፤ ወጉም ፈረሰ። ጋሽ ኢብሳ ግን አንድ ነገር አስገደደኝ፦ ሰርጉ ላይ ያንኑ ዘፈን እንድዘፍን። ትዕግስት ይህን ስትሰማ፣ "እሺ፣ ግን በዚህኛው ዓይንህን ግለጥ" አለችኝ።

አልገልጥም! መጀመሪያ ላይ የሰጠኋችሁን ምክር መልሱልኝ። ዳኞቹ ጥለውኝ ሲሄዱ አላየሁም፤ ልጄ ተድራ ስትሄድ ለምን ብዬ አያለሁ? ጎርፍ ከመጣ ግን፣ "ሌላው ይነግረዋል" ሳትሉ... እባካችሁ አንዳችሁ ንገሩኝ።