ቅዳሜ የሚደክመው እንፋሎት

(ከመሬት እንፋሎት የሚወጣበት የሙከራ ጉድጓድ አጠገብ ያለች የቆርቆሮ ቢሮ። ጉድጓዱን ሦስት ዓመት ያጠናው መሐንዲስ አንድ እግሩ ካልሲ ለብሷል፤ ሌላው ባዶውን ነው። አለቆቹ ሪፖርቱን ሊሰሙ መንገድ ላይ ናቸው። ጸጉሩ የሸበተው ጥበቃ በሩን ተደግፎ ቆሟል።)

መሐንዲስ፦ ሁለት ካልሲ ሰጥቼ አንድ መለሱልኝ። ይሄ ምን የሚሉት አጠባ ነው፣ ጋሼ?

ጥበቃ፦ ይገኛል። ይልቅ አዋላጇ ምራቴ ጠይቅልኝ ብላለች። ጤና ጣቢያው መቼ መብራት ያገኛል? ትናንትም ባትሪ በጥርሷ ነክሳ ነው ያዋለደችው።

መሐንዲስ፦ መብራቱ ከዚህ ጉድጓድ ነው የሚመጣው፤ እሱ ደግሞ ገና አምስት ዓመት ይጠናል።

ጥበቃ፦ እንፋሎቱ አነሰ?

መሐንዲስ፦ ሞልቷል። ግን አይታመንም። ስድስት ቀን እንደ በሬ ይሠራል፤ ቅዳሜ ጠዋት ግፊቱ ዘጭ።

ጥበቃ፦ ቅዳሜ?

መሐንዲስ፦ ሁልጊዜ ቅዳሜ። “የምድር ሳምንታዊ ትንፋሽ” ይባላል።

ጥበቃ፦ ማነው እንደዚያ የሚለው?

መሐንዲስ፦ እኔ።

ጥበቃ፦ መሬት ቀን ትቆጥራለች?

መሐንዲስ፦ ለእርስዎ ይከብዳል፣ ይተዉት።

ጥበቃ፦ ባለፈው ወር ፈቃድ የወጡ ጊዜስ ወረደ?

መሐንዲስ፦ (ወረቀት ገልጦ) ያን ቅዳሜ... አልወረደም። “ልዩ ክስተት” ብዬዋለሁ። የእኔ ፈቃድና መሬት ምን አገናኛቸው?

ጥበቃ፦ ልብስ አልነበረማ።

መሐንዲስ፦ የምን ልብስ?

ጥበቃ፦ የእርስዎ። ቅዳሜ ቅዳሜ የጎን ቧንቧዋን እከፍትና እንፋሎቱን በጎማ ወደ በርሜሉ እሰደዋለሁ። ውሃው ሲፈላ አጥባለሁ። ያ ኮሌታ በቀዝቃዛ የሚለቅ መሰለዎት?

(መሐንዲሱ ቀስ ብሎ ይቀመጣል።)

መሐንዲስ፦ በማገዶ የሚያፈሉ መስሎኝ።

ጥበቃ፦ ሙቀቱ ከምድር እየተንፎለፎለ እንጨት ልፍለጥ? ተምሬያለሁ እንዴ?

መሐንዲስ፦ ለምን አልነገሩኝም?

ጥበቃ፦ ጀምሬ ነበር። “ጋሼ፣ ሙያ ላይ አይግቡ” አሉኝ።

መሐንዲስ፦ (ሸሚዙን እየዳበሰ) ገጽ ሰባ ሁለት ላይ፣ “ሙቀቱ ለማጠቢያና ለማድረቂያ ይውል እንደሆነ ገና አልታወቀም” ብያለሁ።

ጥበቃ፦ ለብሰውት ነው የጻፉት።

(መኪና ውጭ ይቆማል።)

መሐንዲስ፦ መጡ። ይሄንን ብናገር መሳቂያ ነው የምሆነው።

ጥበቃ፦ ስማኝ ልጄ። ያንተ መሳቂያነት አንድ ከሰዓት ነው። የምራቴ ጥርስ ግን አምስት ዓመት።

(መሐንዲሱ ከሪፖርቱ ላይ “አምስት ዓመት” የሚለውን በእስክሪብቶ ይሰርዛል።)

መሐንዲስ፦ “ጉድጓዱ ጤነኛ ነው፤ ኃይል ማመንጨት ይጀመር። አጥኚው ሦስት ዓመት ያጠናው የገዛ ቆሻሻ ልብሱን ነው።” ይበቃል?

ጥበቃ፦ ይበቃል።

መሐንዲስ፦ እሺ፣ አሁን ካልሲዬን ይስጡኝ።

ጥበቃ፦ ቧንቧዋ ታፈስ ነበር፤ በእሱ ወትፌያታለሁ። ከነቀልነው ግፊቱ ይወርዳል።

መሐንዲስ፦ (ባዶ እግሩን እያየ) እንግዲያው እዚያው ይቆይ። ከኛ ቢሮ ሥራ ላይ ያለው እሱ ብቻ ነው።